መለኪያ

እናቴ ደምበጫ ላይ የዳጉሳ አረቄ ታወጣለች፣
ለመንገደኛ በመለኪያ ትቀዳለች።
እኔ ማርቆስ ላይ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣
አልኮል እቀዳለሁ ለአይጥ።
ለሁለታችን ዕቃ አንድ ቃል ነው ያለን፦ መለኪያ።
የሷ ጠርዙ ተሸርፏል፤ የኔ ቁጥር ታትሞበታል።

ጧት ሁለት ሰዓት። መብራት ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣
ከጮቄ የወረደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል።
ነጫጭ አይጦች፣ ዓይናቸው የበሰለ እንጆሪ፣
ዐሥራ ሁለት ወንድ፣ ዐሥራ ሁለት ሴት፤
በየሳጥናቸው ሁለት ጡጦ፣
አንዱ ውኃ፣ አንዱ አልኮል ያለበት።

ዶክተር ቢምረው ገና ሳንጀምር ነግሮኝ ነበር፦
«ወንዶቹ ይበቁሻል። የሴቷ ነገር አይጨበጥም፤
በአራት ቀን አራት ጠባይ፣ ቁጥርሽ አይረጋም።»
ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ በፊት፣
በእናቴ ቤት አግዳሚ ላይ፣ በአራተኛው መለኪያ፣
ከአንድ በቅሎ ነጋዴ አንደበት።
እንቢ አልሁ።

እናም በየጧቱ አንድ በአንድ አነሣቸዋለሁ፣
በጠብታ ጨው ውኃ አጥቤ መስታወት ላይ እቀባለሁ፣
አጎንብሼ ቀናቸውን አነብባለሁ።
ክብ ክብ ሕዋስ፣ እንደ ተበጠረ ጤፍ፦ ኢስትሮጅኗ ሞልቷል።
ቅርፊት ቅርፊት፣ እንደ ተሰበረ ገል፦ ትናንት ሞልቶ ጎድሏል።
አራት ቀን ነው ዙሩ፤
ባሕረ ሐሳብ አይሻም መቁጠሩ።

በመስቀል ቅርጽ የተሠራ እንጨት አለን፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣
ሁለት ክንዱ ግድግዳ፣ ሁለት ክንዱ ገደል።
ያልጠጣች ግድግዳውን ተለጥፋ ትቀራለች።
የጠጣች ግን፣ ቀኗ ከሆነ፣ ወደ ገላጣው ትወጣለች፤
ደጀን አፋፍ ቆማ ዓባይን የምታይ ይመስል
ጢሟን አየር ላይ ዘርግታ ቁልቁል ታያለች።
ሰዓት ይዤ እቆጥራለሁ፣
ድፍረት በሴኮንድ።

ዐሥራ ሰባት ቁጥር። የእንቁላል ከረጢቷን አውጥተን የሰፋናት።
ከዚያ ወዲህ አንደኛው ጡጦ አልጎድል አለ፤ ውኃ ብቻ በቃት።
በሦስተኛው ሳምንት ሆርሞኑን በሰሊጥ ዘይት በጥብጬ ወጋኋት።
ውላ አድራ ጡጦው ጎድሎ አገኘሁት።
እጄን አሸተተችኝ።
ቅጹ ላይ አራት ነጥብ ሁለት ብዬ ጻፍሁ፤
ማሽተቷን አልጻፍሁትም።

አክስቴ ፈንታነሽ ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው።
ለወንዶቹ ሲቀዳ ለራሷም ትቀዳ ነበር፤
እነሱን «ጨዋታ አዋቂ» አሏቸው፣ እሷን «ዓይን አውጣ»።
እሷም ትስቃለች፦
«እኔን የሚለካ መለኪያ ከገበያ መች ወጣ!»
በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ የወር አበባዋ ቀረ።
በዚያው ዓመት ጠበል ገባች፣
በዚያው ዓመት መለኪያዋን ደፋች።
«ጠበሉ ነው» አለ አገሩ ሁሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድሁ። ጣቴ ላይ የጥርስ ምልክት አይታ
«ምን አድርገሻቸው ነው?» አለችኝ።
ነገርኋት፣ ቁጥሩን ትቼ፦
ስለ ዙሩ፣ ስለ ጡጦው፣ ስለ ዐሥራ ሰባት።
ነጠላዋን እየቋጨች ሰማችኝ።
ከዚያ፣ «እሷስ» አለች፣ «ስትተወው ቀለላት?»

ቅጼ ለዚህ ሰንጠረዥ የለውም።
አይጥ ሰው አይደለችም፤ ዶክተሩም ይላል፣ እኔም እላለሁ፤
ከሳጥኑ እስከ ደምበጫ ያለው መንገድ ገና አልተጠረገም።
ጠበል ይሁን፣ ወር ይሁን፣ መሰልቸት ይሁን፣
ከእጇ አልቀማሁም።
ጓዳ ውስጥ እናቴ ትቀዳለች፣
ከጠርዙ በላይ እንደ ጉልላት አብጦ፣ ሳይፈስ።
ያን ትርፍ ማን ይለካዋል?

ዛሬ ጧት የጡጦዎቹን ቦታ ቀያየርሁ፣
ግራውን ወደ ቀኝ፣ ልማድ እንዳያታልለን።
ዐሥራ ሰባት ከገለባዋ ወጣች።
እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ፣
ወዴት እንደምትሄድ ቆሜ አየሁ።